ኪስህ ባዶ ነው? ደም ሥርህስ?

ተረብ ባለበት ሰፈር ነው ያደግሁት። እኛ ዘንድ ተተርቦ የሚቀየም የለም፤ መልስ ያጣ ግን ያፍራል። እኔና ጓደኞቼ በትርፍ ጊዜያችን አረጋውያን ማጠብ፣ ልጆች ማስጠናት፣ ደም መለገስ ከጀመርን ወዲህ ደግሞ የሚወረወርብን ተረብ በዝቷል። ተራቢዎቹ አብረውን የተማሩ፣ አብረውን ቡና የሚጠጡ፣ ሌሊት ቸግሮን ብንደውል ነጠላ ጫማ አጥልቀው የሚመጡ ልጆች ናቸው። ለሚወዱት ሰው መልስ አይነፈግምና የዛሬው ዓምድ የእነሱ ነው። ያሉንን አንድ በአንድ አነሳለሁ፤ መልሱንም ከነምክንያቱ አስቀምጣለሁ።

«ሥራ የለሽም እንዴ?»

ሥራ ብፈታማ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ታገኘኝ ነበር!

አገሬው «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚለው እጅ ባዶ ሲሆን ሐሳብ ወዴት እንደሚሄድ አይቶ ነው። ከእኛ መሃል ባንክ መስኮት ላይ ገንዘብ ስትቆጥር የምትውል አለች፤ በሞተር ዕቃ የሚያደርስ አለ፤ ከተመረቀች ወዲህ ሥራ እየፈለገች ያለችም አለች። ይህ ተረብ አብልጦ የሚያቆስለው እሷን ነው። የሀገራችን የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። ከዚያ ዕድሜ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ስንቱ ልጅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ፣ ሲቪ እያባዛ፣ «እንደውልልሃለን» የተባለውን ስልክ እየጠበቀ ያሳልፋል።

ዲግሪ ይዞ ቤት የተቀመጠ ልጅ ከደመወዙ በፊት የሚቀርበት አንድ ነገር አለ፤ የሚጠብቀው ሰው። በጠዋት ቢነሳም እስከ እኩለ ቀን ቢተኛም «የት ነበርክ?» የሚለው የለም። ያቺ ሥራ ፈላጊ ጓደኛችን ግን ቅዳሜ ብትቀር «ያቺ ልጅ ምን አግኝቷት ነው?» ብለው የሚጨነቁ አዛውንቶች አሏት። ሥራ መፈለግና ሥራ መፍታት ለየቅል መሆናቸውን ያረጋገጠችው እዚያ ነው። እንዲህ ያለችን ልጅ «ሥራ የለሽም እንዴ?» ብሎ መተረብ የቆመን ሰው «ለምን ተቀመጥክ?» እንደማለት ነው።

«ስንት ይከፍሉሻል?»

እንኳን ሊከፍሉኝ፣ እኔም ዕዳዬን ከፍዬ አልጨረስኩ!

በሕፃንነቴ ገላዬን ያጠበችኝ ጎረቤት፣ እናቴ ከሥራ እስክትመለስ ምሳ ያጎረሰችኝ የግቢያችን ሴት፣ አስፋልቱን እጄን ይዘው ያሻገሩኝ የሰፈር ዘበኛ ደረሰኝ ቆርጠውልኝ አያውቁም። አድጌ ልመልስላቸው ስል ከፊሎቹ አርፈዋል፣ ከፊሎቹ ሰፈሩ ሲፈርስ ወዴት እንደሄዱ አልታወቀም። ዕዳው ግን እኔው ላይ አለ። ለእነሱ መክፈል ካልቻልኩ ዛሬ ገላቸውን የሚያጥብላቸው ላጡት እከፍላለሁ። በገንዘብ ያልተሰጠኝን በገንዘብ አልመልሰውም።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች!»

የማን ድስት አረረ? ድስት የሚያሳርረው ጎረቤት ሄዶ ሲያማስል የዋለ ሳይሆን እሳቱ አጠገብ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ የዋለ ነው!

በዚህኛው ተረብ ውስጥ ግን እውነት ስላለ አላጣጥለውም። እናቷ ቤት ውስጥ ታማ ተኝታ ማዕከል ሄዳ ሌላ ሰው የምታጥብ ልጅ ብትኖር ተረቡ ይገባታል፤ ቤት ይቀድማል። እኔ ያየሁት ግን ተቃራኒውን ነው። የማያውቀውን ሽማግሌ ገላ ማጠብ የለመደ ልጅ አባቱ ድንገት አልጋ ላይ ሲወድቅ አይደነግጥም። የተኛን ሰው እንዴት እንደሚያገላብጡ፣ አንሶላ ከሥሩ እንዴት እንደሚለውጡ፣ የአዋቂ ሰው ኀፍረት እንዴት እንደሚጠበቅ ያውቃል። ይህን ትምህርት ቤት አላስተማረንም። ለሰው ሲያማስል የተማረው እጅ ለራሱም ቤት ደረሰ።

«በጎ ፈቃድ፣ በጎ ፈቃድ! ይሄ የፈረንጅ ነገር!»

ደቦ በየትኛው መርከብ ገባ?

አዝመራ ደርሶ ዝናብ ሲያስፈራራ ሰፈሩን በደቦ ጠርቶ፣ ጠላና እንጀራ አዘጋጅቶ ማሳውን በአንድ ቀን የሚያነሳው ገበሬ ከማንም አልተማረም። ወንፈል ብድር አለው፤ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ ነው። ዕድርን ደግሞ የማያውቅ ከተሜ የለም። ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚተክለው፣ አግዳሚ ወንበር የሚደረድረው፣ ሌሊት ከሐዘንተኛ ጋር የሚያድረው፣ በሠልስቱ ብረት ድስት የሚያጥበው ማን ነው? በየደጁ ቆሞ በማርያም ስም የሚለምነውን የቆሎ ተማሪ እንጀራ እየሰጠ ለቅስና ያበቃውስ ማን ነው?

በእኛ ዘመን የተለወጠ አንድ ነገር አለ። ደቦ የሚወጣው ለሚያውቁት ሰው ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት አዛውንት ሦስተኛ ፎቅ ላሉት እንግዳ ናቸው፤ ደረጃውን መውረድ አቅቷቸው ሳምንት ቢቆዩ የሚያውቅ የለም። እኛ የምናደርገው ደቦውን ለማናውቀው ሰው መውጣት ነው። የከተማ ኑሮ ያመጣው ግዴታ ይኸው ነው።

«ጽድቅ ፍለጋ ነዋ! ገነት ቦታ ልትይዢ!»

የኮንዶሚኒየም ዕጣ እኮ አይደለም፤ ለእኔ ቢደርሰኝ አንተ አይቀርብህም። ና አብረን እንመዝገብ!

አዎ፣ አማኝ ነኝ፤ በዚህ አላፍርም። ሰንበት ትምህርት ቤት ስድስቱን ቃላተ ወንጌል በቃሌ አጥንቻለሁ፤ የተራበ ማብላት፣ የተጠማ ማጠጣት፣ እንግዳ መቀበል፣ የታረዘ ማልበስ፣ የታመመ መጠየቅ፣ የታሰረ መጎብኘት። ማቴዎስ በ25ኛው ምዕራፍ የጻፈውን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በቀኝ የቆሙት ምስጋናው ሲነገራቸው ይገረማሉ፤ መቼ እንዳደረጉት እንኳ አያስታውሱም። ስንት እንዳበሉ፣ ስንት እንዳለበሱ የመዘገቡበት ደብተር አልነበራቸውም። ጽድቅን ቆጥሮ የሚሰበስብ ሰው ካለ ተረቡን ለእሱ አስተላልፉልኝ። እኔ ስቆጥር የምገኘው የታጠበውን አንሶላ ነው።

ሌላም አለ። በገዳማችን ሥርዓት ልመንኩስ ብሎ የመጣ ሰው በማግሥቱ ቆብ አይደፋለትም። አመክሮ አለው። ረድእ ሆኖ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ እህል ይፈጫል፣ አረጋውያን አባቶችን ያገለግላል። ከጸሎቱ ጎን ተግባረ እድ አለ፤ የእጅ ሥራ። አባቶች ይህን የሠሩት የልብ ነገር እንደሚሸሽ ስለሚያውቁ ነው። በሃያዎቹ ዕድሜ ያለን ልጆች ብዙዎቻችን ይህ ሽሽት ገብቶናል። ቅዳሴ ቆመን ሐሳባችን ኪራይ ቤት ይሄዳል፤ ሶላት ላይ ሆነን የማክሰኞው ፈተና ትዝ ይለናል። በልጅነት ከወላጅ የተቀበልነው እምነት በዚህ ዕድሜ የራሳችን ይሆን ወይም ይቀር ዘንድ መንታ መንገድ ላይ ይቆማል። «ልቤ ስለማይሰበሰብ እምነቴን ተጠራጠርኩ» ለሚለኝ ወንድሜ መልሴ አጭር ነው፤ እጅህን ሥራ አስይዘው፤ ልብ ብቻውን ውጭ ማደር አይወድም፣ ተከትሎ ይመጣል።

«ከእነሱ ጋር ደግሞ ምን አገናኘሽ?»

መጥረጊያ!

ይህ ተረብ የሚወረወርብኝ ከሙስሊም ጓደኞቼ ጋር መንገድ ስጠርግ ያየኝ ሰው ሲኖር ነው። በብዙ ከተሞቻችን ጥምቀት ሲደርስ የታቦቱን መንገድ ከሚያጸዱት መሃል ሙስሊም ልጆች አሉ፤ ዒድ ሲደርስም የሶላቱን ሜዳ ከሚጠርጉት መሃል ክርስቲያኖች አሉ። ሁለቱም ሃይማኖታቸውን አልጣሉም። በእስልምና ከመንገድ ላይ እሾህና ድንጋይ ማንሳት ራሱ ሰደቃ ነው፤ ወንድምን በፈገግታ መቀበልም እንዲሁ። እኔ ለታቦቴ ክብር እጠርጋለሁ፣ ሙስሊሟ ጓደኛዬ ለአላህ ብላ ትጠርጋለች፤ መንገዱ ሁለት ጊዜ ይጠራል። ይልቅ እናንተ ምን አለያያችሁ ነው ጥያቄው! በመጥረጊያ መገናኘት ከተቻለ ለመለያየት ምክንያት የሚፈልግ ሰው ምክንያቱን ራሱ ይመርምረው።

«ለታይታ ነው! ፎቶ ተነስታ ልትለጥፍ!»

ፎቶ ብፈልግ ሰርግ አይጠፋም!

ይህን ተረብ ግን እኔም ለሌሎች አስተላልፈዋለሁ፤ ቦታው አለና። ለበዓል አንድ ካርቶን ዘይት ይዘው መጥተው፣ አልጋ ላይ የተኙትን እናት ቀና አድርገው፣ ሦስት ጊዜ «ወደዚህ ይዩ እማማ» ብለው ፎቶ አንስተው የሚሄዱ አሉ። እኚያ እናት የማያውቁት ሺህ ሰው በሌሊት ልብሳቸው እንዲያያቸው ፈቅደዋል? ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ ቤት ያስተዳደሩ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሴት ነበሩ። ክብራቸውን ሰጥተው ዘይት የተቀበሉ ቀን ንግዱ ማንን እንደጠቀመ ግልጽ ነው። እኛ ዘንድ ሕጉ አንድ ነው፤ ስልክ ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳ በር ላይ። ሰውን ለማስተባበር ምስል ካስፈለገ የታጠበውን ልብስ፣ የተደረደረውን ሳህን አንሳ። ልብስ አያፍርም።

«ኪሴ ባዶ ነው፤ ገንዘብ ሳገኝ እረዳለሁ»

ደም ሥርህም ባዶ ነው?

ዕድሜህ ከ18 እስከ 65፣ ክብደትህ ከ45 ኪሎ በላይ፣ ጤናህ ደህና ከሆነ በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ትችላለህ። የሚወሰደው ግማሽ ሊትር አይሞላም። ሰውነትህ ይተካዋል፤ የባንክ ደብተርህን ማንም አይጠይቅህም። በሀገራችን እናቶችን በወሊድ ጊዜ ከሚገድሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የደም መፍሰስ ነው። አንዲት እናት ልጇን ወልዳ ደሙ አልቆም ሲላት ባለቤቷ ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚፈልገው ሚሊየነር አይደለም፤ ከእሷ የደም ዓይነት ጋር የሚስማማ፣ ቀደም ብሎ ተለግሶ፣ ተመርምሮ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ከረጢት ነው። «ቀደም ብሎ» የምትለውን ያዝልኝ። ደም ከተሰጠ በኋላ ለኤችአይቪና ለጉበት በሽታ ይመረመራል፣ ይለያል፤ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ አደጋ ከደረሰ በኋላ ከሚሮጠው አሥር ሰው ይልቅ በሰላሙ ቀን ሰጥቶ የሄደው አንድ ሰው ይበልጣል።

ደሙም ቢሆን ለዘላለም አይቀመጥም። ቀዩ የደም ሴል የሚቆየው ከአንድ ወር ጥቂት ከፍ ብሎ ነው፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት ደግሞ አምስት ቀን። ለካንሰር ሕመምተኛ ልጅ የሚሰጠው እሱ ነው። አምስት ቀን ማለት ባለፈው ሳምንት በዘመቻ የተሰበሰበው ዛሬ አይገኝም ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲዎችና ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ወጣቱ ወደየቤቱ ሲበተን ማቀዝቀዣው ይሳሳል። አንተ ደግሞ «ገንዘብ ሳገኝ» ትላለህ። ገንዘብ ስታገኝ ገንዘብ ትሰጣለህ፤ አሁን ያለህን አሁን ስጥ!

«አንድ ሰው ምን ይለውጣል?»

አንተን የወለደችህ ስንት ሰው ሆና ነው?

እ.ኤ.አ. በ1980 አበበች ጎበና ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ወሎ ወጡ። ረሃብ ነበር። በመንገድ ላይ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አዩ። የያዙትን ዳቦና ጸበል አካፈሉ፤ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱም ሁለት ልጆች ይዘው ገቡ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ። ቤተሰብ «ወይ እነሱን ወይ እኛን» ሲላቸው ልጆቹን መርጠው ከተደላደለ ቤታቸው ወጡ። ከዚያች ጉዞ የተነሣው የሕፃናት ማሳደጊያ ስንቱን ወላጅ አልባ ለወግ ለማዕረግ አብቅቷል። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሲያርፉ እናታችን ብለው ያለቀሱት ሁሉ ከሆዳቸው አልወጡም። ልብ በል፤ ሴትዮዋ ለበጎ አድራጎት አልተነሡም። ለመሳለም ነው የሄዱት። ጸሎታቸው መንገድ ላይ ሥራ ሆኖ ጠበቃቸው።

ቢኒያም በለጠም አለ። መንገድ ላይ የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን በወላጆቹ ቤት ማስጠጋት ሲጀምር አንድ ወጣት ነበር። ዛሬ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ይቸግራል። ማዕከሉ ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው ይላል። እኔም ለተራቢዬ የምለው ይህንኑ ነው፤ አንተ ሰው ነህ፣ ጎደለኝ የምትለው ምንህ ነው?

«ውበት የታለ እዚህ ሀገር? ጭቃ፣ ጭስ፣ ወረፋ!»

ስልክህን ዝቅ አድርገው፤ ጀርባው ላይ ነው ያለው!

እስቲ የዐይኔን ልንገርህ። እኔ የምሄድበት የአረጋውያን ቤት ውስጥ ጥፍር የሚቆረጥበት ቀን አለ። የእግር ጥፍር በእርጅና ይወፍራል፣ ይደነድናል፤ መቁረጫው ይንሸራተትበታል እንጂ አይነክሰውም። ስለዚህ ሳፋ ላይ ለብ ያለ ውኃ ይደረግና እግሩ ይዘፈዘፋል። እስኪለሰልስ ድረስ ወሬ ነው፤ ስለ ድሮ ገበያ፣ ስለ ሰርግ፣ ስለ ጣልያን ጊዜ ከእናታቸው የሰሙት። ከዚያ እግሩን ጉልበቴ ላይ ባለው ፎጣ አድርቄ ጥቂት በጥቂት፣ ቀጥ አድርጌ እቆርጣለሁ፤ ጠርዙን ቆፍረው ከቆረጡት ወደ ሥጋ ይገባል። ስኳር ያለባቸውን ነርሷ ብቻ ናት የምትነካው፤ በስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ ትንሽ ቁስል ትልቅ ጣጣ ታመጣለችና። ሲያልቅ ተረከዙን ቫዝሊን እቀባለሁ።

አንዲት እናት አሉ፤ አንደበታቸው ምላጭ ነው። ሁለተኛውን እግራቸውን እየቆረጥኩ ሳለ እጄን ትክ ብለው አዩና፣ «አንቺ ልጅ፣ የራስሽን ቀብተሽ የኔን ትከረክሚዋለሽ? እኔ በግ ነኝ?» አሉኝ። ግቢው በሳቅ አወካ። በማግሥቱ ጥፍር ቀለም ይዤ ሄድኩ። የትኛውን ቀለም እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው ቅንጣት አላመነቱም፤ «ሙሽራ ሳለሁ እንሶስላ ነበር። እንሶስላ ካላመጣሽ ቀዩን አርጊልኝ» አሉ። ሥሩ ተወቅጦ የሙሽራ እጅና እግር የሚያቀላውን እንሶስላ እኔ ከሴት አያቴ ወሬ እንጂ በዐይኔ አላየሁትም። ቀባኋቸው። እጃቸውን ወደ ፀሐይ ዘርግተው አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ወደ ጎረቤት አልጋ ዞረው፣ «አየሽ አንቺ! እኔን ሊድሩኝ ነው፤ አንቺ ቆመሽ ትቀሪ!» አሏቸው። ጎረቤታቸውም ሳይውሉ ሳያድሩ፣ «አንቺን የሚያገባ መጀመሪያ ጆሮውን ይድፈን!» ብለው መለሱ። ተረብ የወጣት ብቻ ከመሰለህ እዚያ ግቢ አንድ ከሰዓት ዋል። እነዚያ ቀይ ጥፍሮች ከየትኛውም የሥዕል አዳራሽ ይልቅ ስለ ውበት አስተምረውኛል። ሰው እስከ መጨረሻው ማማር ይፈልጋል፤ ሌላ ሰው አስታውሶት እንዲያምር ሲያደርገው ደግሞ ሁለቱም ያምራሉ።

ሌላም ልጨምርልህ። ጥር 10 ቀን፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ ዓለም ሁሉ ካሜራውን ወደ ጥላውና ወደ ወርቀ ዘቦው ያዞራል። ጥምቀታችን እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነውና አይደንቅም። አንተ ግን ወደ ታች እይ። ምንጣፍ አንጣፊዎቹን ታያለህ። ያላቸው ምንጣፍ መንገዱን የሚሸፍን አይደለም፤ ጥቂት ሜትር ነው። ታቦቱ ካለፈበት ላይ ከኋላ ይጠቀልላሉ፣ በትከሻቸው ተሸክመው በሕዝቡ መሃል እየተሹለከለኩ ወደ ፊት ይሮጣሉ፣ ያነጥፋሉ፤ ደግሞ ወደ ኋላ። ያው አንድ ምንጣፍ ከደጀ ሰላሙ እስከ ሜዳው ድረስ ይደርሳል። ካህናቱ አስፋልት ሳይረግጡ ይገባሉ። የአንጣፊዎቹን ስም ማንም አይጠራም፤ ላባቸው ግን ይታያል። ትንሽ ነገር ይዞ ረጅም መንገድ መሸፈን እንዴት እንደሚቻል እነሱ ያሳዩናል፤ ከመሮጥ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አሁን ደግሞ የመተረብ ተራው የእኔ ነው።

በፋሲካ ማግሥት ዶሮ ወጥ ይዛችሁ ለምትመጡ፣ በዒድ ሰሞን በጉን ለምታካፍሉ፣ በልደታችሁ ቀን ኬካችሁን ከአረጋውያን ጋር ለምትቆርሱ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ መጣችሁ፣ በላችሁ፣ ዘፈናችሁ፣ እግዜር ይስጥልን። ማክሰኞ ሳህኑን ማን ያጥበው?

በበዓል ቀን ግቢው ለሰው አይበቃም፤ ወንበር ጠፍቶ ቆመን እንበላለን። ማክሰኞ ግን ያው ሁለት ሴቶች የልብሱን ክምር ይዘው ገንዳው ዳር ይቆማሉ። አረጋውያኑ በበዓል የሚበሉት አያጡም፤ የሚያጡት በተራ ቀን የሚያጫውታቸው ነው። እኔ ዘንድ የእምነት መለኪያው ተራው ቀን ነው። በዓል ራሱ ይሸከመናል፤ ከበሮው፣ ሽታው፣ ልብሱ፣ ሕዝቡ ይገፋናል። ማክሰኞን ግን እኛ ነን የምንሸከማት። ውበቱም እዚያው ነው። ቀይ ጥፍር የተቀባው በዓል ባልነበረበት ቀን ነው። ከጥምቀት ማግሥት ምንጣፉን ስትጠቀልል፣ ወንድሜ፣ ልብህን አብረህ አትጠቅልላት።

ለመጀመር የሚፈልግ ካለ ከተረቡ ቀጥሎ ምክሩን ይውሰድ። አንድ ቦታ ምረጥ፤ አምስት ቦታ አትርገጥ። ለሰፈርህ የሚቀርበውን ያዝ፤ ታክሲ ጠፋ ብለህ እንዳትቀር። በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ግን ቀኑና ሰዓቱ አይለዋወጥ። የማትመጣበትን ቀን ቀድመህ ተናገር፤ በር በሩን የሚያዩ ሰዎች አሉ። ስማቸውን ጠይቀህ ያዝ፤ «እማማ»፣ «አባባ» ከስማቸው ጋር ሲሆን ይጣፍጣል። መሥራት የማትችለውን ቃል አትግባ። እጅህን ገብተህም ወጥተህም ታጠብ። ሃይማኖትህን አስተምርበት ብለህ አትሂድ፤ ከተጠየቅህ መልስ፣ ካልተጠየቅህ እጠብ። የደከመህ ቀን ደግሞ ከጓደኛህ ጋር ተፈራረቅ፤ ደክሞት የተናደደ አገልጋይ የሚያሳዝነው የሚያገለግለውን ነው።

ለእናንተ ለተራቢዎቼ የቀረኝ አንድ ቃል ነው። ተረባችሁን አልጠላሁትም፤ እንዲያውም እፈልገዋለሁ። አፋችሁ ፈጣን ነው፣ ነገር ታውቃላችሁ፣ ሰው ታስቃላችሁ። እኔ የምሄድበት ግቢ ውስጥ ከመድኃኒት ቀጥሎ የጠፋው እሱ ነው። ጥርስ የሌላቸው፣ ምላሳቸው ግን ያልዶለዶመ አዛውንቶች ተጋጣሚ አጥተው ተቀምጠዋል። እዚህ ካፌ በራፍ ላይ እኔን የምትተርቡበትን አንድ ሰዓት ለእነሱ ስጧቸው። እንደሚረቷችሁ አልጠራጠርም። የፊታችን ማክሰኞ፣ ከሥራ መልስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኑ፤ ሳሙናውን እኛ እናመጣለን፣ እናንተ አፋችሁን ይዛችሁ ኑ።